ከተፈቀደው ከፍታ በታች

«ቀኑን ሙሉ ሰማይ ላይ ለምትውል ሴት ክፍል ምን ያደርግላታል?»

ይህን ያለችው የወንድሟ ሚስት ናት። ለክፋት ብላም አልነበረም፤ የሽንኩርት ዋጋ ጨመረ እንደማለት ቀለል አድርጋ ነው ያለችው፣ ዓይኗን ከመጥበሻው ሳታነሳ። ካፒቴኗ ከኩሽናው በር ወዲህ፣ በካልሲዋ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ቆማ ነበር። ማለዳ ስትወጣ የቤቱን ሰው እንዳትረብሽ ብላ ጫማዋን የምታጠልቀው ውጭ ደረጃው ላይ ነው። ይኸው ጨዋነቷ ነው እንግዲህ ዛሬ ጉዷን ያሰማት። ወንድሟ ምን ሊመልስ ነው ብላ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ወንድሟ አፉን ዳቦ ሞልቶት ነበር። አላምጦ፣ ሻዩን ፉት ብሎ፣ «እሱስ ልክ ነሽ» አለ። «ሳሎን ሶፋው ላይ ትተኛለች። ሶፋው ይዘረጋል እኮ።» ሚስቱ «ማን ይንገራት?» ስትል ሌላ ዳቦ ቆረሰና፣ «ቀስ ብለን ነዋ። የሙሽሮቹ አልጋ ሲመጣ ራሷ ታየዋለች» አለ። ልጃቸው ሊያገባ አንድ ወር ቀርቶታል።

በሩን ገፋ አድርጋ «እንዴት አደራችሁ» ብላ ብትገባ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልገባችም። በዚያ ቤት ውስጥ ነገር ለሚመለከተው ሰው ተነግሮ አያውቅም፤ ለሚስት ይነገራል፣ ለድመት ይነገራል፣ ለቧንቧው ይነገራል፣ ባለጉዳዩ ግን መጨረሻ ነው የሚሰማው። አባታቸውም እንዲሁ ነበር፤ ሲናደድ ጫማውን መወልወል ይጀምራል፣ ልጆቹም በጫማው ማብረቅረቅ ስንት ያህል እንደተናደደ ይገምታሉ። እሷም የአባቷ ልጅ ናትና ወደ ደረጃው ወጥታ ጫማዋን አጠለቀች፤ ክሩን ከሚገባው በላይ አጥብቃ አሰረችው። ክፍሏ እኮ ክፍል ሆኖም አይደለም። መስኮቱ የጎረቤት ግንብ ላይ ነው የሚከፈተው። አንድ አልጋ፣ ዩኒፎርሟን የምትሰቅልበት አንድ ወንበር፣ መደርደሪያ ላይ ካውያ፣ ጣሪያው ጥግ ላይ ዝናብ በገባ ቁጥር የሚሰፋ ቡናማ እድፍ አለ። እናታቸው በሕመም ተኝታ ያለፈችው እዚያ ነው፤ ካፒቴኗም አጠገቧ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ ስታስታምም ከርማ፣ ከቀብር በኋላ ከፍራሹ ወደ አልጋው ወጣች እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ማንም ውሰጂው አላላትም፣ ማንም ልቀቂ አላላትም። ዝምታ የሰጣትን ክፍል ዝምታ ሊወስድባት ነው።

በታክሲው ውስጥ ለወንድሟ የምትመልስለትን መልስ ማዘጋጀት ጀመረች። የመጀመሪያው ስድብ በዛበት። ሁለተኛው ልመና መሰለ። ሦስተኛው እየተሻሻለ ሄዶ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ስትደርስ ቅርጽ ያዘ፤ ጥበቃው «ካፒቴን፣ ዛሬ ደመናው ጣሪያችን ላይ ተቀምጧል» ሲላት እንኳን በከንፈሯ የያዘችው እሱን ስለነበር «እግዜር ይስጥልኝ» ብላው አለፈች። ጥበቃው ምን አድርጎ እንደተመሰገነ ሳይገባው ቀረ።

ሥራዋ ይህ ነው፦ ከትንንሽ ከተሞች ሰው ታመጣለች፣ ሰው ትወስዳለች፣ አንድ ሞተር ባላት፣ ዘጠኝ ሰው በምትጭን አውሮፕላን። ረዳት አብራሪ የለም። ሰማዩ ጥርት ሲል ሥራው ከአውቶቡስ መንዳት ብዙም አይለይም፤ ደመና ሲሆን ግን ሌላ ነው። መሬት በማይታይበት ቀን አውሮፕላን የሚወርደው መርፌዎችን በማየት ነው፤ አንዱ መርፌ አቅጣጫ ያሳያል፣ አንዱ ከፍታ፣ አንዱ ፍጥነት። ለእያንዳንዱ ማረፊያ ደግሞ ከዚህ በታች አትውረድ የሚባል ከፍታ ተወስኖለታል። እዚያ ደርሶ የማኮብኮቢያው መብራት ካልታየ ምክክር የለም፣ ጋዝ ሰጥቶ ወደ ላይ መመለስ ነው። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ላይ ሁለት ሰው ስላለ አንዱ ከፍታውን ይጠራል፣ ሌላው ይሰማል። እሷን ያስተማራት ሰውዬ ግን «ብቻሽንም ብትሆኚ ጮክ ብለሽ ጥሪው፤ አፍሽ ለጆሮሽ ይንገረው» ብሎ ስላስለመዳት፣ ደመና ውስጥ በወረደች ቁጥር «ሁለት ሺህ ጫማ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ» እያለች ለራሷ ትናገራለች። በቀን ውስጥ ከአፏ ከሚወጣው ንግግር አብዛኛው ይህ ቁጥር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጠዋቱ ጉዞ ያለ ችግር አለፈ። የመልሱን ጉዞ ዘጠኝ ሰው ሞላ። ከሁሉ የሚከብደውን ሰውዬ ሚዛን እንዲጠብቅላት ከፊት፣ ከጎኗ አስቀመጠችው። የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር፤ ከከተማ ከተማ እየዞረ የልብስ ሰፊዎችን መኪና ይሠራል፤ የመሣሪያ ሳጥኑን ከኋላ አስቀምጥ ሲባል ልጁን ለባዕድ እንደሚሰጥ ሰው ነው የተለየው። የሞተሩ ጩኸት ጆሮውን እንዳይጎዳው የጆሮ ማዳመጫ ሰጠችው። በዚያ ማዳመጫ ሁለቱ ይሰማማሉ፤ ከኋላ ያሉት ስምንቱ ምንም አይሰሙም። ከመነሳታቸው በፊት እንደምትነግረው ሰው ሁሉ ለእሱም ነገረችው፦ «መጫወት ይችላሉ። ግን ወደ ታች ስንጀምር እጄን አነሳለሁ። እጄ ከተነሳ በኋላ ቃል የለም። ቢያስነጥስዎት እንኳን ቀስ ብለው።»

«እሺ ካፒቴን! እኔ እኮ ዝምታ አያስቸግረኝም» አለ፣ ከዚያም ለአንድ ሰዓት ያህል አንድ ጊዜም አፉን አልዘጋም። አማቱ ስለምታንኮራፋው ማንኮራፋት ነገራት። ሰባት ጊዜ ጠግኖት ሰባት ጊዜ የተበላሸ የስፌት መኪና ስላላት ሴትዮ ነገራት፤ መኪናው ጤነኛ ነበር፣ ሴትዮዋ ናት የምታዋራው ሰው ያጣችው። መርፌዎቹን እያየ «የእኔና የእርስዎ ሥራ አንድ ነው፤ መርፌ ማየት!» ብሎ ራሱ ሳቀበት። እሷም ፈገግ አለች። ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ሲያወራ ደስ ይላታል፤ ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። ቤት ውስጥ እራት ላይ ቴሌቪዥኑ ነው የሚያወራው።

ደመናው ከበላይ ሲታይ ነጭና ለስላሳ ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያው ማማ ተቆጣጣሪ በሬዲዮ ውረጂ አላት። እጇን አነሳች፣ መዳፏን ወደ ጠጋኙ አድርጋ። ጠጋኙ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጫነ። ገቡ። መስኮቱ ሁሉ ግራጫ ሆነ፤ ውሃ በመስታወቱ ላይ ወደ ጎን ይሮጥ ጀመር።

«ሁለት ሺህ» አለች ካፒቴኗ። መርፌዎቹ ልክ ነበሩ። «አንድ ሺህ አምስት መቶ።» ፍጥነቷ ልክ ነበር። በዚህ መሐል ነው ያ መልስ የመጣው፣ ጠዋት ታክሲ ውስጥ የተሠራው፣ ሦስተኛው። ጎድሎበት የነበረው አንድ ቃል ድንገት ተገኘ፤ ሰው ዕቃ የጠፋበትን ቦታ ሲያስታውስ እንደሚሆነው ልቧ ዘለለ። «ሻንጣ» ነበር ቃሉ። አፏ ለቁጥር ተከፍቶ ስለነበር ንግግሩም በዚያው ወጣ።

«ስማ» አለች፣ ድምፅዋ ረጋ ብሎ፣ ዓይኗ መርፌዎቹ ላይ፣ እጇ መሪው ላይ። «እኔ የዚህ ቤት ሻንጣ አይደለሁም፣ ከዚህ ጥግ አንስታችሁ እዚያ ጥግ የምታስቀምጡኝ። ሶፋው ይዘረጋል አልክ? ይዘርጋ! አንተ ተኛበት። ለመሆኑ እማዬ ስትታመም ሶፋው የት ነበር? አንተስ የት ነበርክ? ማታ ማታ በሩ ላይ ቆመህ ‹እንዴት ዋለች› ብለህ ትሄድ ነበር። ገብተህ ተቀምጠህ አታውቅም። እኔ ሰማይ ላይ ውዬ መጥቼ ነው ያገላበጥኳት። የአባታችን ቤት አይደለም እንዴ? ወይስ ስላላገባሁ እንግዳ ሆንኩ? ሰማይ ላይ ዋለች ማለት ቤት የላትም ማለት ነው? ወፍ እንኳን ሲመሽ—»

«ካፒቴን» አለ ጠጋኙ በጣም በቀስታ። «ይቅርታ። እጅዎን እንዳነሱብኝ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ወንድምዎ እኮ እዚህ የለም።»

የከፍታ መለኪያውን አየችው። ዓይኗ ከመጀመሪያውም እሱ ላይ ነበር፤ አሁን ግን አየችው። ስድስት መቶ ላይ መቆም ነበረባት። መርፌው አራት መቶን አልፎ፣ ወደ ሦስት መቶ ሃምሳ እየወረደ ነበር፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ረጋ ብሎ። አንድ ሺህን አልጠራችም። ስድስት መቶን አልጠራችም። እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ጋዙን እስከ መጨረሻው ገፋው፣ አፍንጫውን ቀና አደረገች፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ከኋላ አንዲት ሴት «እንዴ!» አለች። ደመናው በአንድ ቦታ ተቀደደና የዱቄት ፋብሪካው የእህል ማማ በቀኝ ክንፍ በኩል ወጣ፤ የጣሪያውን ዝገት፣ ዝገቱ ላይ የቆመችውን አንዲት እርግብ እስክታይ ድረስ ቅርብ ነበር። ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ግራጫ ሆነ። ጠጋኙ እጁን ከጉልበቱ ላይ አላነሳም። ትንፋሹ በማዳመጫው ውስጥ ይሰማት ነበር።

ለማማው ማኮብኮቢያውን አላየሁትም፣ ደግሜ እመጣለሁ አለች። ውሸት አልነበረም። ተቆጣጣሪው በተለመደው የእንቅልፍ ድምፁ እሺ ካፒቴን አለ፤ ንግግሯ በማዳመጫው ውስጥ እንጂ በሬዲዮ አልወጣም። ሁለተኛውን ጊዜ ስትወርድ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጠራቻቸው፣ መቶ መቶውን ሳይቀር። ሰባት መቶ ላይ መብራቶቹ በሁለት መስመር ተዘርግተው ታዩ። ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ ከኋላ ያሉት አጨበጨቡ። ሲወርዱ አንድ ሽማግሌ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው «ተባረኪ ልጄ፣ እንዲህ ያለ አየር ላይ ተጠንቅቀሽ አመጣሽን» አሏት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እኚህን ሰው ነው እህል ማማው ላይ ልትጥላቸው የነበረው።

ጠጋኙ ሳጥኑን ተቀብሎ ወደ ኋላ ቀረ። ላቡ በሸሚዙ ወጥቷል። «እኔ ለማንም አልናገርም» አለ፣ ወሬኛ መሆኑ ራሱ ስላስጨነቀው ጣቱን ደረቱ ላይ አድርጎ። «እናቴ ትሙት። ከኋላ ያሉት አልሰሙም። የሰማሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ረስቼዋለሁ።»

«አመሰግናለሁ» አለች። «ባይናገሩ ኖሮ…»

«ቶሎ መናገር ነበረብኝ። ግን እጅዎን አነሱብኝ፣ ቃል የለም አሉኝ። ደግሞ…» ሳጥኑን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «ደግሞ እውነቴን ልንገርዎት፣ ልክ ነበሩ። እኔ ወንድምዎ ብሆን ክፍሉን እተውልዎት ነበር።» ከዚያ ሰላምታ ሰጥቶ፣ አካሄዱ እንደ ከባድ ሰው እየተወዛወዘ ወደ በሩ ሄደ። ካፒቴኗ እስኪሰወር ድረስ አየችው። ስለ ራሷ ጉዳይ ይህን ያህል ሰው አዳምጧት አያውቅም፤ ያዳመጣት ደግሞ ሊሞት ሲል ነበር። እንባዋ መጣ፣ የክንፉን ሥር እንደሚፈትሽ ሰው ጎንበስ ብላ አሳለፈችው።

ከጠጋኙ በቀር ማንም አላወቀም። ይህ ነው ከባዱ። ወደ ቢሮው ከመግባቷ በፊት አውሮፕላኗ ጥላ ሥር ለረጅም ጊዜ ቆመች። ዝም ብትል ነገ ጠዋት ትነሳለች፣ ጫማዋን ደረጃው ላይ ታጠልቃለች፣ ትበራለች። ዝም ማለት ደግሞ ታውቅበታለች፣ ከአባቷ ወርሳዋለች። ነገር ግን የዛሬውን ዝምታ ከጠዋቱ ዝምታ ላይ ጨምራ ተሸክማው ደመና ውስጥ ስትገባ ታያት። ነገም አፏ ምን እንደሚያወጣ ምን ዋስትና አላት? ሽማግሌው የያዙት እጇ ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም። ገባች።

የበረራ ኃላፊው በዕድሜ ታናሿ ነው፤ መብረር ያስተማረችውም እሷ ናት። ጠረጴዛው ላይ የተገመሰ ዳቦ በናፕኪን ተሸፍኖ ነበር። የሆነውን ሁሉ፣ ከፍታውን፣ እህል ማማውን፣ እርግቧን ሳይቀር ነገረችው። ኃላፊው ተነስቶ በሩን ዘጋና «ካፒቴን፣ ይህን ለምን ይነግሩኛል?» አላት፣ እንደ ማልቀስ እያደረገው። «ማማው ምንም አላለ። ተሳፋሪው ምንም አላለ። ሁላችንም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር አልፎብናል። ነገ ጠንቀቅ ማለት ነው እንጂ!»

«አንተን ሳስተምርህ እንዲህ ነበር ያልኩህ?»

ተመልሶ ተቀመጠ። «ምንድን ነው ያዘናጋዎት?»

«ወሬ።»

«ተሳፋሪው ነው?»

«እሱ እንኳን እንዳልኩት ዝም ብሎ ነበር። እኔ ነኝ ያወራሁት። ከራሴ ጋር።»

ኃላፊው እንደ ድሮው ተማሪዋ አንገቱን ደፋ። ካወቀ በኋላ እንደማያውቅ መሆን አይችልም። እንደገና እስክትፈተን ድረስ መብረር የለም፤ ፈታኙ የሚመጣው ደግሞ ከወር በኋላ ነው፤ ምናልባትም ከዚያ ይዘገያል፤ ዕድሜዋን አይቶ ምን እንደሚል እሱም አያውቅም። ይህን ሁሉ መስኮቱን እያየ ነገራት። በመጨረሻ «ቤት ሰላም ነው?» አላት። «ሰላም ነው» አለች፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። «አይ» አለች፣ «ሰላም አይደለም።» ኃላፊው ወንበር ሊስብላት ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ እሷ ግን ወጥታ ነበር።

በቀኑ እኩሌታ ወደ ቤት ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው። ሰፈሩ በዚህ ሰዓት ምን እንደሚመስል አታውቀውም። ባለሱቁን ወንበሩ ላይ ተኝቶ አገኘችው፤ የምታውቀው ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች ከገመዱ ኋላ ሆነው ዩኒፎርሟን አይተው ወሬያቸውን አቋረጡ። ሻይ ቤት ገባች፣ ሻይ አዘዘች፣ ስልኳን አውጥታ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች ተመለከተች። የሥራ ሰው፣ የሥራ ሰው፣ የጥርስ ሐኪም፣ ወንድሟ፣ የሞተች ጓደኛ። ስልኩን ወደ ኪሷ መለሰችው። ሻዩ ቀዝቅዞ ጠጣችው፤ አስተናጋጇ ሌላ ላምጣ ስትላት ለመቆየት ምክንያት አገኘሁ ብላ አምጪ አለች። እንዲህ ብቸኝነቷ ፊት ለፊቷ ወንበር ስቦ የተቀመጠበት ቀን አልነበረም።

ቤት ስትደርስ የክፍሏ በር ክፍት ነው። የወንድሟ ልጅ መሬት ላይ ተንበርክኮ ሜትር ይዟል፤ እጮኛው አልጋዋ ላይ ቆማ የመስኮቱን ቁመት ትለካለች፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ለጨዋነቷ። ልጁ ሲያያት ሜትሩ ከእጁ አምልጦ ጥቅል አለ። «አክስቴ! ምነው? አመመሽ እንዴ?» አለ። ልጅቷ ከአልጋው ላይ መውረድም አለመውረድም አቅቷት ቆማ ቀረች፤ ዓይኗ ውሃ ሞላ። ለካ አክስቲቱ ተስማምታለች ተብሎ ነበር የተነገራቸው። ካፒቴኗ ይህን ከልጅቷ ፊት አነበበችው። መቆጣት ፈለገች፣ የምትቆጣው ሰው ግን እዚያ አልነበረም። «ቁም ሳጥን በዚህ በኩል እንዳታስቡ» አለች፣ ሌላ የምትለው ስላጣች፤ «በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው።» ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሜትሩን አነሳ። ልጅቷ ወርዳ የአልጋውን ልብስ በእጇ እየደባበሰች አስተካከለች፣ ጫማዋን ሳታስር ወጣች። ካፒቴኗ በሩን ዘግታ፣ ዩኒፎርሟን ወንበሩ ላይ ሰቅላ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ኩሽና ውስጥ የድስት ክዳን ሲነሳና ሲከደን ይሰማል። ማንም መጥቶ በሩን አላንኳኳም።

እራት ላይ ወንድሟ መጣ። መስታወት ቆራጭ ነው፤ እጁ ላይ ዘወትር አንድ ፕላስተር አይጠፋም። ልጁ አስቀድሞ ስልክ ደውሎለት መሆን አለበት፣ ሲገባ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ድምፁን ከሌላው ቀን ከፍ አደረገው። ሚስቱ ሩዝ አቀረበች። የካፒቴኗን ሳህን ከሁሉም አብልጣ ሞላችው፤ በዚያ ቤት ይቅርታ የሚጠየቀው በጭልፋ ነው። ልጁ ሩዙን ይቆጥር ይመስል በሹካው ይለየዋል። ማንም ለምን ቀን መጣሽ አላላትም።

ካፒቴኗ ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

«ዛሬ ስምንት ሰው ከኋላዬ፣ አንድ ሰው ከጎኔ አስቀምጬ መሬት ላይ ልከሰከስ ነበር» አለች። «ከተፈቀደልኝ ከፍታ በታች ወረድኩ። ያላየሁት አንተን እያናገርኩ ስለነበር ነው።»

ወንድሟ ሹካውን አስቀመጠ። «እኔን? እኔ እኮ ሱቅ ነበርኩ እትዬ።»

«አውቃለሁ። ሌላ ሰው ነው የሰማልህ።» ከዚያ ነገረችው። የነገረችው ያንን ሦስተኛውን መልስ አልነበረም፤ እሱ ደመናው ውስጥ ቀርቷል፣ ማማሩም አብሮ ቀርቷል። ተቆራርጦ ነው የወጣው፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ጠዋት በካልሲ ቆማ የሰማችው፣ የልጅቷ እንባ፣ እናታቸው በር ላይ የሚቆመውን ልጇን ስትጠብቅ አንገቷ ሲዝል። «እንደማትገባ እማዬ ታውቅ ነበር» አለችው፤ «‹ሥራ አድክሞት ነው› ትለኝ ነበር።» ወንድሟ ፕላስተሩን ከጣቱ ላይ ይልጥ ጀመር። ሚስቱ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። መብረር እንደተከለከለችና መቼ እንደሚፈቀድላት እንደማይታወቅም ነገረቻቸው።

«እንዲያው ትቀየሚያለሽ ብለን እኮ ነው ያልነገርንሽ» አለ ወንድሟ በመጨረሻ፣ ድምፁ ወርዶ። «አንቺ ምንም ነገር አትናገሪም። ምን እንደምታስቢ በምን እንወቅ?»

«በመጠየቅ። ጠርታችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ እሺ እል ነበር። ለልጁ አይደል? ዛሬ ጠዋት ብትጠይቁኝ በደስታ እለቀው ነበር።»

እውነት ነበር። ሲወጣ ነው እውነት መሆኑን እሷም ያወቀችው። ወንድሟ ደግ ሰው ነው፣ ፈሪ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ የተከፈተለትን በር ያየ መሰለውና ፊቱ በራ። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ በሕይወቱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ እህቱን ዓይን ለዓይን እያየ አንድ ነገር ጠየቃት።

«እንግዲያው አሁን ልጠይቅሽ እትዬ። ክፍሉን ለልጁ ትለቂለታለሽ?»

ካፒቴኗ አየችው። ጠጉሩ ከግንባሩ እንደሸሸ፣ አባታቸውን እየመሰለ እንደሄደ ልብ ብላ አታውቅም ነበር። ስለጠየቃት ወደደችው፤ በእውነት ወደደችው። ልጁንም አየችው። «እሺ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ ሁልጊዜም እዚያው ነው የሚያድረው።

«አይ» አለች። «አሁን አልችልም። ከነገ ጀምሮ የምውልበት እሱ ብቻ ነው።»

ወንድሟ በግማሽ የላጠውን ፕላስተር መልሶ ጣቱ ላይ ለጠፈ። ሚስቱ እጇን ከአፏ ላይ አውርዳ፣ የቀዘቀዘውን የካፒቴኗን ሳህን አንስታ ልታሞቀው ወደ ኩሽና ሄደች።